ከከሰል የሚጀምር ማባያ

ደበርጃን በደንብ ካላረረ ሙታበል አይሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ «እስቲ አሳዪን» የሚሉኝ ሴቶች ሁሉ እጃቸው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ቆዳው ጠቆር ማለት ሲጀምር ደንግጠው ከእሳቱ ሊያነሱት ይሻሉ። አልፈርድባቸውም። ማሳረር ነውር በሆነበት ማእድ ቤት ነው ያደግነው፤ ወጥ ያሳረረች ልጅ ወሬዋ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። የዚህ ማባያ ጣዕም ግን የሚመጣው ከዚያው ካረረው ቆዳ ነው። ቆዳው እየከሰለ ሲሄድ ጭሱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ሥጋው ደግሞ በገዛ ውሃው ታፍኖ ይበስላል። ቶሎ ከወጣ መሃሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ምን ቢጨመርበት አይድንም።

ሙታበል የሊባኖስ፣ የሶርያ፣ የፍልስጤምና የዮርዳኖስ ሰዎች ከገበታቸው የማይለዩት ማባያ ነው። እሳት ላይ የተጠበሰ ደበርጃን፣ ከሰሊጥ የሚሠራው ጣሂና፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው፤ ሌላ የለውም። በብዙ አገር ባባ ጋኑሽ እያሉ ይሸጡታል። እኔ በኖርኩበት በቤይሩት ግን ባባ ጋኑሽ የሚባለው ጣሂና የሌለበት ነው፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ፐርሰሜሎና ተቀቅሎ የወፈረ የሮማን ጭማቂ ይገባበታል። ሁለቱም ከአንድ እሳት ይነሳሉ። እኔ የማሳየው የመጀመሪያውን ነው።

የተማርኩት አሽረፊዬ በሚባለው ሰፈር፣ በሠራተኝነት ከገባሁበት ቤት፣ ከማዳም እናት ነው። ልጅ አዋቂው «ተይታ» ይላቸው ነበር፣ አያቴ እንደ ማለት፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ተይታ ደበርጃን የሚጠብሱት በጋዝ ምድጃ ላይ ነበር። እንዳይበላሽ የምድጃውን ዙሪያ በፎይል ይሸፍኑና ደበርጃኑን በቀጥታ ነበልባሉ ላይ ያስተኙታል። «ይበቃው ይሆን ተይታ?» ስላቸው «ቆይ ልጄ፣ ዝም በይና ስሚው» ይሉኝ ነበር። ለካስ ይሰማል። መጀመሪያ ቆዳው ይንጣጣል፣ ቀጥሎ ውስጡ ያለው ውሃ መጮህ ይጀምራል፣ ጩኸቱ ሲሰክን ደርሷል ማለት ነው።

እኔ የሠራሁትን የምበላው ማእድ ቤት ውስጥ ቆሜ ነበር። በሊባኖስ ከፋላ በሚሉት ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ አሠሪዋን ትታ ልሂድ ብትል ሕገ ወጥ ትሆናለች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በዚያ ሥርዓት ውስጥ አልፈዋል። ይህን የማነሳው ስለ ደበርጃን ሳወራ ሰው «የዐረብ ምግብ» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። የዐረብ ምግብ መሆኑ እውነት ነው። ግን በስንት የቤይሩት ቤት ደበርጃኑን እሳት ላይ ያገላበጠው፣ ቆዳውን የላጠው፣ ሎሚውን የጨመቀው የእኛ እህቶች እጅ ነው። ያ እጅ ዛሬ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጅማ ተመልሶ ተቀምጧል፤ የሚያውቀውን ግን የሚጠይቀው የለም።

ሰሊጡስ ቢሆን? የሑመራ ሰሊጥ በዓለም ገበያ በራሱ ስም የሚጠራ ነው። ጣሂና ሠሪዎች ለንጣቱና ለጣፋጭነቱ ይፈልጉታል፤ በመካከለኛው ምሥራቅ በጣም የተከበረ ነው። እኛ ጥሬውን በጆንያ እንልካለን፣ ተፈጭቶ በብልቃጥ ሲመለስ ከሱፐርማርኬት በውድ እንገዛለን። ይህ ነገር ያንገበግበኛል፤ ጣሂና ቤት ውስጥ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነውና። ሁለት ብርጭቆ ነጭ ሰሊጥ አበጥሩ፣ ጠጠሩ እንዲቀር በውሃ እያንገዋለላችሁ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ። ከዚያ ዝግ ባለ እሳት ላይ እያማሰላችሁ አሙቁት። እንዲቀላ አይፈለግም፤ መዓዛው ብቅ ሲል አውርዱ፣ ከቀላ ይመርራል። ሲበርድ በጁስ መፍጫ እያቆማችሁ እየቀጠላችሁ ፍጩት። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጓጉላል፣ በመጨረሻ ዘይቱን ያወጣና ይፈሳል። ካስቸገረ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ያግዘዋል። ገለፈቱ ስላልወጣ ከሱቁ ጠቆር ይላል፣ ትንሽም መረር ይላል። እኔ ያን መረር ማለቱን እወደዋለሁ፤ ከጭሱ ጋር ይስማማል።

ደበርጃን ሲገዛ ዓይን ያስፈልጋል። ከገጠር የመጡ ሰዎች ሲያዩት እንቧይ ትዝ ይላቸዋል፣ አልተሳሳቱም፤ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። እንቧይ መርዛም ነው። ደበርጃን ግን እስያ ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት በሰው እጅ እየተመረጠ ስለተዘራ ምሬቱ ተቀንሶለታል። ያረጀና ፍሬው የበዛ ከሆነ ግን ምሬቱ ይመለሳል። ስለዚህ ግዙፉን ተዉት። መካከለኛ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ እንጥልጥሉ አረንጓዴ የሆነ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ምረጡ። አትክልት ተራ ሻጮቹ ብዙም ፈላጊ ስለሌለው ያስመርጣሉ፤ ተጠቀሙበት።

እሳቱን በተመለከተ እኛ ከቤይሩት እንሻላለን ብል ማጋነን አይደለም። ጋዝ ያጠቁራል፤ ከሰል ግን ያጠቁራል፣ ያጥናልም። የኢትዮጵያ ቤት ደግሞ ጭስን ያውቀዋል፤ የወተት ዕቃ በወይራ የሚያጥን ሰው ጭስ የምግብ አካል መሆኑን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። እኔ የምጠቀመው የቡናውን ከሰል ነው። በረካው ተጠጥቶ ጀበናው ሲወርድ ማንደጃው ላይ ጥሩ ፍም ይቀራል። ዕጣን ተጨምሮበት ከነበረ ጨርሶ እስኪነድ ጠብቁ፣ አለዚያ ምግቡ ዕጣን ዕጣን ይላል። ሦስት አራት ከሰል ጨምሩና ሲቀላ ደበርጃኑን በቢላ ጫፍ አራት አምስት ቦታ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ፍሙ ላይ አስተኙት። ካልተወጋ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ሁሉ በረንዳ ወይም ግቢ ላይ አድርጉት። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል።

በየአምስት ደቂቃው በመቆንጠጫ አገላብጡ። ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይወስዳል። ቆዳው ዙሪያውን ከስሎ፣ ደበርጃኑ አየሩ እንደወጣለት ኳስ ሲሟሽሽ፣ አንገቱ ላይ ቢላ ሲያስገቡ ያለ ትግል ሲገባ አውጡት። አንገቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚበስለው፤ መሞከር ያለበት እሱ ነው። ከሰል ለሌለው ቡታ ጋዝም ይሠራል። ኦቨን ያበስለዋል እንጂ አያጨሰውም፤ በኦቨን የተሠራውን እኔ ሙታበል አልለውም።

ትኩሱን ወንፊት ላይ አድርጉና ሃያ ደቂቃ ተዉት። የሚንጠባጠበው ቡናማ ውሃ መራራ ነው፣ ይደፋ። ከዚያ በእጅ ላጡት። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ፤ ቧንቧ ሥር አትላጡት። ውሃው የለፋችሁበትን ጭስ ይዞት ይሄዳል። ጣታችሁን ውሃ እያስነካችሁ ላጡ፣ ጥቁር ነጠብጣብ እዚህም እዚያም ቢቀር ምንም አይደለም። የተላጠውን መክተፊያ ላይ በቢላ ክተፉት ወይም በሹካ ፍጩት። ጁስ መፍጫ ውስጥ አይገባም፤ ፍሬውን ሰባብሮ ያመርረዋል፣ ሥጋውንም ሙጫ ያደርገዋል።

ለአንድ ኪሎ ደበርጃን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጣሂና፣ የሁለት ትንንሽ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር የተወቀጠ። ጣሂናውን ለብቻው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከሎሚው ጋር አማስሉት። ድንገት ይጠጥራል፣ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። የሎሚው ውሃ ከሰሊጡ ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ እየጨመራችሁ ስትመቱት ይላላል፣ ይነጣልም። ያኔ ደበርጃኑን ጨምሩ። ጣሂና ማብዛት የተለመደ ስህተት ነው፤ ከበዛ የሚቀምሱት ሰሊጥ ብቻ ይሆናል። በአንዳንድ ምግብ ቤቶች ማዮኔዝ የሚጨምሩበትን አይቻለሁ፤ ጭሱን ይገድለዋል፣ ጾመኛውንም ያሳስታል።

ሳህን ላይ ሲቀርብ በማንኪያ ጀርባ መሃሉ ይሰረጎድና የወይራ ዘይት ይፈስበታል። ዘይቱ ውድ ስለሆነ አንድ ማንኪያ ይበቃል። የኑግ ዘይት አይሁን፤ የራሱ መዓዛ ብርቱ ነው። ሮማን ከተገኘ ፍሬውን በተን ማድረግ ነው። ከእንጀራ ጋር ሞክሬዋለሁ፣ ኮምጣጣ በኮምጣጣ ላይ ይሆናል። ትኩስ የስንዴ ቂጣ ግን ከዚያ አገር ስስ ዳቦ አይተናነስም።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሽሮና ምስር ለሰለቸው ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ክርስቲያኗ ተይታም በጾማቸው ጣሂና ከገበታቸው አይለይም ነበር። እኔ ጾም ሲገባ በትእዛዝ እሠራለሁ። ከቤይሩት የተመለሳችሁ እህቶቼ፣ እናንተም ይህን ሥራ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁና ጀምሩት። ለሽያጭ ስትሠሩ የተላጠውን ደበርጃንና ጣሂናውን ለየብቻ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ሎሚውን የምትቀላቅሉት በሚወሰድበት ቀን ጠዋት ይሁን። ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ያደረ ሙታበል ያቃጥላል፣ ደንበኛም ሁለተኛ አያዝም።