የሬድዮናችን ድምፅ ለምን ሻከረ?

ሬድዮ ብዙ ነገር ይነግረናል። የዝናቡን ሁኔታ፣ የእህሉን ዋጋ፣ የሰውንና የከብትን ጤና ከሬድዮ እንሰማለን። ነገር ግን ሬድዮው የሚናገረው ጥርት ብሎ ካልተሰማ ጥቅሙ ምንድን ነው? እንዲያውም ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

በአንድ መንደር የገጠመንን እንንገራችሁ። ማታ ማታ ሰው በአንድ ቤት ተሰብስቦ ሬድዮ ያዳምጥ ነበር። አንድ ቀን ሬድዮው ከብቶች በ7 ቀን ውስጥ ለክትባት እንዲቀርቡ ተናገረ። ግማሹ ሰው «ሰባት ቀን ነው ያለው» አለ። ግማሹ «የለም፣ ሰባ ቀን ነው» ብሎ ተከራከረ። አንዲት «ት» ብትጠፋ 7 ቀን 70 ቀን ሆነ! ደግነቱ በማግሥቱ ሰው ተልኮ ነገሩ ተጣራ። አንድ አዛውንት ግን «እኔማ ጆሮዬ የደከመ መስሎኝ ዝም ብዬ ከርሜአለሁ» አሉ። የእሳቸው ጆሮ አልደከመም። የደከመው የሬድዮው ስፒከር ነው።

ሰዎቹ ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ሬድዮ ለመግዛት አስበው ነበር። ሬድዮውን ከፍተን ስናየው ግን የስፒከሩን ወረቀት አይጥ በልቶታል። ሌላው ዕቃ ሁሉ ደህና ነው። መለወጥ የነበረበት ስፒከሩ ብቻ ነበር።

ስፒከር እንዴት ይሠራል?

ስፒከር ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ዕቃ ነው። ከኋላው ማግኔት አለ። ማግኔት ብረት የሚስብ ነገር ነው። በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የቀጭን መዳብ ሽቦ ጥቅል ይገኛል። ጥቅሉ ከሾጣጣ ወረቀት ጋር ተጣብቋል።

ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሽቦው ጥቅል ራሱ ማግኔት ይሆናል። የኋላው ማግኔት አንዴ ይስበዋል፣ አንዴ ይገፋዋል። ወረቀቱም አብሮ ይርገበገባል። ከበሮ ሲመታ ቆዳው አየሩን እንደሚያንቀጠቅጥ ሁሉ ወረቀቱም አየሩን ያንቀጠቅጣል። ያ የአየሩ መንቀጥቀጥ ጆሯችን ሲደርስ ድምፅ እንሰማለን። ይህን ዓይነት ስፒከር ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች በ1925 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አስተዋወቁ።

ወረቀቱ ሲቀደድ ጫፍና ጫፉ እየተማታ ይንኮሻኮሻል። እንደ «ት» እና «ስ» ያሉ ስስ ድምፆች በኮሽታው ይዋጣሉ።

በመጀመሪያ እንመርምር

ድምፁ ሲሻክር ቶሎ ስፒከሩን አንክሰስ። የባትሪ ድንጋዩ ቢደክምም ድምፅ ይበላሻል። ስለዚህ በመጀመሪያ አዲስ ድንጋይ አስገብተን እንሞክር። ካልተሻለው የስፒከሩን ሁለት ሽቦዎች ከሬድዮው እናላቅና ከአንድ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ሁለት ጫፎች ጋር ለቅጽበት እናነካካቸው። «ቋ» ካለ ጥቅሉ አልተበጠሰም። ጭራሽ ዝም ካለ ተበጥሷል።

ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ስስ ወረቀት በትንሽ ሙጫ ለጥፎ መድፈን ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ወረቀቱ በጣም ከተበላ ወይም ጥቅሉ ከተበጠሰ ግን ሌላ ስፒከር መግዛት ነው።

ስንገዛ ምን እንይ?

የስፒከሩን ውበት ሳይሆን ጀርባውን እንይ። ብዙውን ጊዜ ማግኔቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል።

አንደኛው ኦም ነው። ኦም ማለት ጥቅሉ የኤሌክትሪክን ማለፍ ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚገልጽ መለኪያ ነው። አሮጌው 8 ኦም ከሆነ አዲሱም 8 ይሁን። በ8 ፈንታ 4 ብናስገባ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። የባትሪው ድንጋይ ቶሎ ያልቃል፣ ሬድዮውም ሊቃጠል ይችላል። 16 ብናስገባ ጉዳት የለውም፣ ድምፁ ግን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ዋት ነው። ዋት ስፒከሩ የሚችለውን ኃይል ያሳያል። ከአሮጌው አይነስ።

ሦስተኛ፣ ስፋቱን እንለካ። ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፒከር ከባለ 5 ሳንቲ ሜትሩ በእጥፍ ይሰፋል። የወረቀቱ መጠን ግን 4 እጥፍ ነው። ስለዚህ ብዙ አየር ይገፋል፣ ወፍራም ድምፅም ያወጣል።

እንዴት እንግጠመው?

ከሁሉ በፊት የባትሪውን ድንጋይ እናውጣ። ሬድዮው በመብራት የሚሠራ ከሆነ ከሶኬቱ እንንቀለው። ስፒከሩን መሬት ላይ አናስቀምጥ፤ በአፈር ውስጥ ያለ የብረት ብናኝ በማግኔቱ ተስቦ ወደ ክፍተቱ ይገባል። ንጹሕ ጨርቅ እናንጥፍለት። ካቻቪቴም አጥብቀን እንያዝ። ማግኔቱ ሲስበው ያመልጥና አዲሱን ወረቀት ይበሳዋል። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ እንጠንቀቅ። ብየዳውን የማይችል ሰው ወደ ሬድዮ ጠጋኝ ይውሰደው።

ሳጥኑ ለምን ያስፈልጋል?

ወረቀቱ ወደ ፊት ሲሄድ የፊቱን አየር ይገፋል፣ የኋላውን ደግሞ ይስባል። ስፒከሩ ራቁቱን ከሆነ የፊቱ አየር ዞሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ይሞታል። ሳጥን የፊቱንና የኋላውን ይለያያል። ስለዚህ ትልቁ ስፒከር በሬድዮው ውስጥ ካልገባ ከጣውላ ሳጥን እንሥራለት። በወረቀቱ ልክ ቀዳዳ እንብሳ፣ የሳጥኑን መገጣጠሚያ ሁሉ በሙጫ እንድፈን፣ ፊቱን በስስ ጨርቅ እንሸፍን። እንዲህ የተዘጋ ሳጥን ከኋላ አይጥም አያስገባም።

የዚያ መንደር ሰዎችም እንዲሁ አደረጉ። ስፒከሩን በጣውላ ሳጥን ገጠሙት። አዛውንቱ ያን ማታ በሩ አጠገብ ተቀምጠው አዳመጡ። «ሰባት ሲል ሰባት፣ ሰባ ሲል ሰባ ሆነልኝ» አሉ። ሊገዛ የታሰበው ሬድዮ ቀረ፣ የተረፈው ገንዘብም ለየባለቤቱ ተመለሰ።

ጥያቄዎች

1. ወረቀቱ ሲቀደድ ድምፁ ለምን ይንኮሻኮሻል?
2. በ8 ኦም ስፒከር ፈንታ 4 ኦም ቢገባ ምን ይሆናል?
3. በቤታችሁ ያለውን ሬድዮ ድምፅ አዳምጡ። የሻከረ ከሆነ በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?