ሐረጉ ከሕፃን እጅ ይራቅ

በብዙ የከተማ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው፣ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለውና በአረንጓዴው ላይ ቢጫ የተረጨበት ሐረግ ፖቶስ ይባላል። የትውልድ ስፍራው በፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው የሞኦሪያ ደሴት ናት። ማለዳ ወጥተው ማታ ለሚመለሱ ሠራተኛ እናቶች የሚመች ተክል ነው። የሚሞተውም በአብዛኛው በጥማት ሳይሆን ውሃ በዝቶበት ነው። ስለዚህ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ አስገብተው ይመልከቱ፤ ላይ ላዩ ደርቆ ካገኙት ያጠጡት፤ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። በአሮጌ የወተት ቆርቆሮ ቢተክሉትም ያምራል፤ ብቻ የቆርቆሮውን ቂጥ በሚስማር መብሳት አይርሱ። ቀጥተኛ ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ ጨለማ ክፍል ደግሞ ቢጫ ቀለሙን ያደበዝዘዋል።

አንድ ነገር ግን በብርቱ ልናሳስብዎ እንወዳለን። በቤትዎ የሚድህ ሕፃን ካለ ሐረጉ እስከ ወለል እንዲወርድ አይፍቀዱ። በቅጠሉና በግንዱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ። ሕፃኑ ሲያኝከው አፉንና ምላሱን ይወጉታል፤ ያቃጥለዋል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ይህ ቢደርስ የቀረውን ቅጠል ከአፉ አውጥተው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉለት፤ ጥቂት ውሃ ወይም ወተት ይስጡት፤ እንዲያስታውክ ግን አያስገድዱት። እብጠቱ ከበረታ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረው አፍታ ሳይቆዩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

የረዘመውን ጫፍ በመቀስ መቁረጥ ለሐረጉም ይበጀዋል፤ ከቆረጡበት በታች አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ቁራጩንም አይጣሉት። አንጓው ውሃ ውስጥ እንዲገባ አድርገው በብርጭቆ ቢያስቀምጡት በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል፤ ለጎረቤትም ይተርፋል። ብርጭቆውንም ታዲያ ከፍ ካለ ቦታ ያኑሩት።