ኤክሴል ወይስ ሶፍትዌር? ኦንላይን የምንሸጠው ዕቃ የት ይመዝገብ

እንዲህ እናስብ። ሬክስዴል የምትኖር አንዲት እህት በኢንስታግራም፣ በቴሌግራምና በኤትሲ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ቀሚሱ ከሽሮ ሜዳ ተገዝቶ በካርጎ ወይም በዘመድ ሻንጣ ፒርሰን ኤርፖርት ይደርሳል፤ ከዚያ ሬክስዴል ቅርብ ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ሚዲየም ቀሚስ በኤትሲ ተሸጠ። በዚያው ሰዓት በቴሌግራም ያየችው ሌላ ደንበኛ ለዚያው ቀሚስ በኢንተራክ ገንዘብ ላከች። የቀረው ግን አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛዋ የፈለገችው ደግሞ ለእህቷ መልስ ነው፤ መልሱ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቆርጧል።

ገንዘቡ ይመለሳል። ደንበኛዋ ግን አትመለስም፤ በሠርጉ ላይም ለስንቱ ሰው ታወራለች። ታሪኩ ምሳሌ ነው፤ ችግሩ ግን በሁለት ቦታ የሚሸጥ ሁሉ የሚገጥመው ነው። ታዲያ መፍትሔው ኤክሴልን ማስተካከል ነው ወይስ ለዕቃ ቁጥጥር የተሠራ ሶፍትዌር መግዛት?

ኤክሴል የሚበቃው መቼ ነው?

በግል ኮምፒውተር ላይ የመጀመሪያው ስፕሬድሺት ቪዚካልክ በ1979 ወጣ። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው፦ ረድፍ፣ አምድ፣ ፎርሙላ። ሻጩ አንድ ሰው፣ የሚሸጥበት ቦታ አንድ፣ የዕቃው ዓይነትም ጥቂት ከሆነ ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ ይበቃል። ወጪው ትንሽ ነው፤ ለመልመድም አያስቸግርም።

ብዙዎቻችን ግን አሠራሩ ላይ እንሳሳታለን። “ሚዲየም ቀሚስ 7” ብለን እንጽፍና ሲሸጥ 7ቱን አጥፍተን 6 እናደርገዋለን። ከወር በኋላ ሳጥን ውስጥ 4 ስናገኝ ሁለቱ የት እንደገቡ የሚነግረን የለም። ስለዚህ ቁጥሩን አታጥፉ፤ እንቅስቃሴውን መዝግቡ። ሦስት ገጽ ክፈቱ፦

- ዕቃዎች፦ የእያንዳንዱ ዕቃ ኮድ፣ ስም፣ መጠን፣ የተገዛበት ዋጋ።
- እንቅስቃሴ፦ ቀን፣ ኮድ፣ ብዛት፣ ምክንያት። ሲገባ +10፣ ሲሸጥ -1፣ ሲመለስ +1።
- ቀሪ፦ እዚህ በእጅ ምንም አይጻፍም። የየኮዱን እንቅስቃሴ በሰምኢፍ ፎርሙላ ደምሮ ቀሪውን ያሳያል።

የባንክ ደብተርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስህተት ሲፈጠር ወደ ኋላ ሄዶ ለማየት ያስችላል።

ኤክሴል የሚያታልልባቸው ቦታዎች

አንደኛው የራሳችን ፊደል ነው። “ሐበሻ ቀሚስ”፣ “ሀበሻ ቀሚስ” እና “ሃበሻ ቀሚስ” ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። በዩኒኮድ “ሀ” 1200፣ “ሐ” 1210፣ “ኀ” 1280 የሚል የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስለዚህ በስም የሚደምር ፎርሙላ ከሦስቱ ሁለቱን ይዘላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሚደመረው በኮድ እንጂ በስም አይሁን። ዲቨሎፐሮች ደግሞ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ቀይሩ፤ ሻጩ የጻፈውን ግን እንዳለ አስቀምጡ። ሰው ስሙን ተቀይሮ ሲያይ ደስ አይለውም።

ሁለተኛው ዜሮ ነው። በ0 የሚጀምር ባርኮድ ወይም ኮድ ስታስገቡ ኤክሴል እንደ ቁጥር ቆጥሮት ዜሮውን ይጥለዋል። አምዱን አስቀድማችሁ “ጽሑፍ” አድርጉት፤ የራሳችሁን ኮድ ደግሞ ከ1001 ጀምሩ።

ሦስተኛው ቀን ነው። 03/04 ማርች 4ም ኤፕሪል 3ም ሊሆን ይችላል፤ እንደ ኮምፒውተሩ ሴቲንግ ይለያያል። ከአገር ቤት በመጣ የሽሮ ወይም የበርበሬ እሽግ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል። ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም። በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዓመቱን አስቀድማችሁ መዝግቡ።

ኤክሴል ያለ ቦታው ሲገባ ምን እንደሚያደርስ በ2020 በእንግሊዝ ታይቷል። የጤና ባለሥልጣናቱ የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲያስተላልፉ ፋይሉ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም ነበር። ከ15,000 በላይ ሕሙማን በጊዜው ከሪፖርቱ ቀሩ። የሬክስዴሏ እህት እዚያ ረድፍ ላይ አትደርስም። ትምህርቱ ግን ለእሷም ይሆናል፦ ፋይሉ ሳይጮህ ሊሳሳት ይችላል።

ሁለት እጅ፣ አንድ ቀሚስ

ወደ ቅዳሜ ማታው እንመለስ። የተፈጠረው ነገር ፕሮግራመሮች ሬስ ኮንዲሽን የሚሉት ነው። ኤትሲ “1 አለ” ብሎ አነበበ፤ ቴሌግራም ላይ የምትመልሰው ሻጭም “1 አለ” ብላ አነበበች። ሁለቱም ባነበቡት ላይ ተመሥርተው ሸጡ። ስፕሬድሺት ይህን አያግድም፤ የሚያውቀው ሰው ገብቶ ሲጽፍበት ብቻ ነው።

በትክክል የተሠራ የዕቃ ሶፍትዌር ማየቱንና መቀነሱን አንድ የማይነጣጠል ሥራ ያደርጋቸዋል። አንዱ ትዕዛዝ ዕቃውን ሲይዝ ሌላው “አልቋል” ይባላል። ሾፒፋይ ውስጥ ይህ ቁጥጥር አብሮ አለ። ዞሆ ኢንቬንተሪም ለዚሁ የተሠራ ነው። ኦዱ እና ኢአርፒኔክስት ደግሞ ክፍት ምንጭ ስላላቸው ራሳችሁ ሰርቨር ላይ ጭናችሁ ልትሞክሯቸው ትችላላችሁ።

ሌላው ጥቅም ዕቃ መልኩን ሲቀይር ይታያል። 50 ኪሎ በርበሬ ገዝታችሁ በ454 ግራም፣ ማለትም በአንድ ፓውንድ ከረጢት ብታሽጉት 110 ከረጢት ወጥቶ 60 ግራም ይተርፋል። ሶፍትዌሩ ጆንያውን ቀንሶ ከረጢቱን ይጨምራል፤ ወጪውንም ያካፍላል። በኤክሴል ይቻላል፤ ግን ሁለቱንም ረድፍ በእጅ መጻፍ አለባችሁ፤ አንዱ ከተረሳ ሒሳቡ ይዛባል።

ሶፍትዌሩ የማያደርገውንም እንወቅ። በቴሌግራም “አንዱን ያዢልኝ” ተብሎ በኢንተራክ የተከፈለ ሽያጭ አንድ ሰው ካላስገባው የትም አይታይም። የወር ክፍያ እየከፈሉ ግማሹን ሽያጭ ከሲስተም ውጭ ማድረግ ከኤክሴሉ የባሰ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ይመስላልና።

እንዴት እንምረጥ?

እነዚህን ራሳችሁን ጠይቁ፦

- ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ያንኑ ዕቃ እሸጣለሁ?
- ከእኔ ሌላ ዕቃ የሚያወጣ ሰው አለ?
- ባለፉት ሦስት ወራት የሌለ ዕቃ ሸጬ አውቃለሁ?
- ለመቁጠርና ለማስተካከል በየሳምንቱ የማጠፋው ሰዓት ከወር ክፍያው ይበልጣል?

ሁሉም “አይ” ከሆነ በሦስቱ ገጽ ቆዩ። ሁለት “አዎ” ካለ ሶፍትዌር መፈለግ ጀምሩ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን መረጃችሁን በሲኤስቪ ማውጣት እንደምትችሉና አማርኛ ስም በትክክል እንደሚፈልግ ሞክሩ።

መዝገቡ ለግብርም ያስፈልጋል። በካናዳ የንግድ ገቢ ስታሳውቁ በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ የነበረውን ዕቃ ዋጋ ትጠየቃላችሁ፤ መዝገቡም በአጠቃላይ ለ6 ዓመት መቀመጥ አለበት። ግብር የሚጣልበት ሽያጭ በተከታታይ አራት ሩብ ዓመታት ከ30,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ለኤችኤስቲ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ በኦንታሪዮ 13 በመቶ ነው። ኤክሴልም ይሁን ሶፍትዌር፣ ፋይሉ ቢጠፋ የምትመልሱበት ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑራችሁ።

“ራሴ ልሥራው” ለምትሉ ዲቨሎፐሮች፦ ሾፒፋይ ራሱ የተጀመረው በ2004 ኦታዋ ላይ ስኖውቦርድ ለመሸጥ የተነሱ ሰዎች በገበያ ላይ ያለው ሶፍትዌር ስላላረካቸው ነው። የእኛ ሻጮች የጎደላቸውም ሌላ ትልቅ ሲስተም አይመስለኝም፤ በቴሌግራም “1014 አንድ ተሸጠ” ሲባል እንቅስቃሴውን የሚመዘግብና “ቀሪ 0” ብሎ የሚመልስ ቦት ይበቃል። ለአንድ ሰው የሳምንት ሥራ ነው።

ለሻጮች ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ከሁለቱም በፊት ይመጣል፦ ዛሬ ማታ ሳጥኑን ከፍታችሁ ቁጠሩ። መነሻው ቁጥር ስህተት ከሆነ ምንም ሶፍትዌር አያቃናውም።