የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ስንት ቋንቋ ይማር?

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ፣ ከኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ወጥተው የዳታቤዝ አስተዳዳሪነትን ሙያ የሚሹ ወጣቶች ከኤስኪውኤል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ መማር ግድ ይሆንብን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ መልሴ አዎን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ባቆመው መሠረት ላይ ቻምበርሊንና ቦይስ በ1974 ያቀረቡት ኤስኪውኤል የሙያው ዳዊት ነውና፣ እርሱን ሳይደግሙ ወደ ሌላው መሻገር አይገባም።

ሆኖም እርሱ ብቻውን አይበቃም፤ ከገለምሶ፣ ከበዴሳ ወይም ከሂርና የሚመጣ የጤና መዝገብ ቀኑ ጳጉሜን 3 ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ዳታቤዙ በባሕርዩ የሚያውቀው የጎርጎርዮሳውያንን አቆጣጠር ስለሆነ፣ 13ኛውን ወር እንደ ስሕተት ቆጥሮ ይመልሰዋል፤ የአንዱም ሰው ስም እዚህ በግዕዝ ፊደል፣ እዚያ በቁቤ ተጽፎ ሁለት ሰው መስሎ ይቀመጣል። ይህን በእጅ ማረም (የመናኝ ትዕግሥት ላለው እንኳ) አድካሚ ሲሆን፣ በፓይተን የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ቀኑን ይለውጣል፣ የሚመሳሰሉትንም ስሞች ለይቶ ለሰው ፍርድ ያቀርባል።

ከፓይተን አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ በየሌሊቱ የሚያነሣውን የሼል ትእዛዝ ይማሩ። ጃቫን ግን፣ ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት በእርሱ ቢጻፍም፣ አላዝዝም፤ ከሥሩ ያለውን ፖስትግሬስኪውኤል የተባለ ዳታቤዝ ጠንቅቆ ማወቅ ለአስተዳዳሪው ይበልጥበታል።