ኤርታሌ፤ የጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበም

የአገራችን ዘመናዊ ባንድ ያደገው በጦር ግቢ ነው። ጥላሁን ገሠሠንና ማሕሙድ አሕመድን ያሳደገው የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነበር። ከማርሽ ሙዚቃ የተወረሱት የትንፋሽ መሣሪያዎች ፊት ይቆማሉ፣ ጊታር ከኋላ ሆኖ ያጅባል። አሜሪካ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎረምሶች በቤታቸው የመኪና ጋራዥ ተሰብስበው ጊታር ያስጮኹ ነበር። ጋራዥ ሮክ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሶኒክስ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ዛሬም የሚወደደው ድምፁ ሻካራ፣ ቀረጻው ጥሬ በመሆኑ ነው።

እኛ ዘንድ ጊታሩን ወደ ፊት ያወጣው አልበም የመጣው እጅግ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ የአዲስ አበባው ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»። ባንዱን ያሰባሰበው አዲስ ገሠሠ ሲሆን ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1983 ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር «ሮኪት»ን የሠራ፣ በኋላም የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) አልበም ፕሮዲውስ ያደረገ ሰው ስለሆነ ለኢትዮጵያ ዜማ እንግዳ አልነበረም።

የአልበሙ ባለቤት ባንዱ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን አልበም የድምፃዊ ነው፤ ፎቶው ሽፋኑ ላይ ይወጣል፣ ያጀበው ሰው ስም በጥቃቅን ፊደል ይቀራል። ሮሃ ባንድ በካሴት ዘመን ስንቱን ዝነኛ ድምፃዊ አጀበ! በ«ኤርታሌ» ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ ዜማውን ተካፍለው ያዜማሉ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን ጃኖ ነው።

ሮክና ቅኝት እንዴት ተስማሙ? የሮክ ጊታር ድምፁ የሚሻክረው ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ነው። እንዲህ በሻከረ ድምፅ ብዙ ኖታ በአንድ ላይ ቢመታ ይታወካል፤ ስለዚህ ጊታሪስቱ ብዙ ጊዜ መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ ይመታል፤ ሦስተኛውን ይተወዋል። ደስታና ኀዘን የሚለየው በዚያ በተተወው ድምፅ ስለሆነ ቦታው ክፍት ይሆንና ዘፋኙ በትዝታም በባቲም እንደ ልቡ ይሄድበታል። ደግሞም የሙሉ ትዝታ አምስት ድምፆች ብሉዝና ሮክ ተጫዋቾች ከሚጠቀሙባቸው ስኬሎች የአንዱ ድምፆች ናቸው። ጃኖዎች ሮክን ከውጭ አምጥተው የአማርኛ ግጥም ያለበሱት ይመስላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጊታሩን አንጎራጉሩት፤ የምታገኙት የአገር ዜማ ነው።

የአልበሙ ስም ከአፋሩ እሳተ ገሞራ የተወሰደ ነው፤ ቀልጦ በሚንተከተክ የድንጋይ ሐይቁ የታወቀ ተራራ። ለሮክ አልበም ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ ቀረጻው አልፎ አልፎ ከመጠን በላይ ጸድቷል። ጥቂት የጋራዥ ሻካራነት ቢተውለት እወድ ነበር። ባንዱ ሁለተኛ አልበሙን «ለራስህ ነው» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥቷል። ጃኖን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ግን ከመጀመሪያው ይጀምር፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን ቤዙ በደንብ በሚሰማበት ቴፕ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይስማው።