ውል ምንድን ነው?

ገበያ ወርዳችሁ እንቁላል ስትገዙ፣ በአውቶቡስ ስትሳፈሩ፣ ወላጆቻችሁም ቤት ሲከራዩ ውል ይፈጸማል። በኮሌጅ የንግድ ሕግን ማጥናት የሚጀምሩ ተማሪዎች በቅድሚያ ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ የውል ትርጉም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት ኮሌጅ እስክትገቡ ድረስ የሚቆይ አይደለም፤ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ «ይህን ውል አንብብልኝ፣ አንብቢልኝ» የሚባለው የተማረው ልጅ ነውና።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ የወጡት በ1952 ዓ.ም. ነው። የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። ከንግድ ሕጉ ብዙው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ሲተካ፣ ስለ ውል በጠቅላላው የሚናገረው የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍል ግን ዛሬም ይሠራበታል። በዚህ ሕግ መሠረት ውል ማለት ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ሰዎች ንብረትን የሚመለከት ግዴታ ለማቋቋም፣ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት የሚያደርጉት ስምምነት ነው።

አንድ ውል እንዲጸና የሚከተሉት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

ሀ. ተዋዋዮቹ ለመዋዋል ችሎታ ያላቸው መሆን አለባቸው። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በሕግ ለአካለ መጠን አልደረሰም።

ለ. ፈቃዳቸውን የሰጡት ሳይሳሳቱ፣ ሳይታለሉና ሳይገደዱ መሆን አለበት።

ሐ. የተዋዋሉበት ጉዳይ በሚገባ የተገለጸ፣ ሊፈጸም የሚችልና ከሕግ ጋር የማይቃረን መሆን አለበት።

መ. ሕግ የተለየ ሥርዓት ካዘዘ ያ ሥርዓት መጠበቅ አለበት።

አራተኛው ነጥብ ማብራሪያ ያሻዋል። በመሠረቱ በቃል ብቻ የተደረገ ውልም ይጸናል። ሆኖም ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ ውሉ በጽሑፍ መሆን ይገባዋል። ሕግ በጽሑፍ እንዲሆን ያዘዘው ውል ደግሞ የተዋዋዮቹና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያስፈልገዋል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው የጣት አሻራ፣ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሹም ካላረጋገጠው በስተቀር፣ አያስገድደውም። ሕጉ ይህን የደነገገው ያላነበበውን ቃል እንዲሸከም የሚደረገውን ሰው ለመጠበቅ ነው።

ብድርንም እንመልከት። ከ500 ብር የበለጠ ብድር ቢካድ፣ አበዳሪው በሰው ምስክር ሊያስረዳ አይችልም፤ ጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት የሚደረግ የተበዳሪው እምነት ወይም መሐላ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ጎረቤቱን አምኖ 3,000 ብር ያለ ወረቀት ያበደረ ሰው፣ ገንዘቡ ሲቆጠር ያዩ አሥር ሰዎች ቢያቀርብም ሊረታ ይችላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀብድም የራሱ ሕግ አለው። ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሲያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 1,000 ብር የተቀበለ ሻጭ 2,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው።

አሁን የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ጤፉን በቅርቡ አስረክባለሁ።
2. 20 ኩንታል ነጭ ጤፍ እስከ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ በገዢው መጋዘን አስረክባለሁ።

የመጀመሪያው ለክርክር በር ይከፍታል፤ ምን ያህል? መቼ? የት? ሁለተኛው ሦስቱንም ይመልሳል። ስለዚህ ውል ስትጽፉ ማን፣ ምን፣ ስንት፣ መቼና የት የሚሉትን ጥያቄዎች አሟሉ። ለሌላ ሰው ስታነቡም ያልገባችሁን ቃል እንደ ገባችሁ አድርጋችሁ አትለፉት፤ የሚፈርመው ሰው የሚያምነው የእናንተን ንባብ ነውና።

ጥያቄዎች

1. አንድ ውል እንዲጸና መሟላት የሚገባቸውን ነገሮች በራሳችሁ አነጋገር ዘርዝሩ።
2. ለሚከተሉት ቃላት ፍቺ ስጡ፤ ተዋዋይ፣ ግዴታ፣ ቀብድ፣ ሥልጣን።
3. አንዲት ባለቤት ቤቷን ለአንድ ዓመት ስታከራይ የሚጻፈውን ውል ከአሥር በማይበልጡ ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጁ።