የማሽን ለርኒንግ ጉባኤዎች እና የአፍሪካ ወንበር

በአብዛኞቹ የሳይንስ ዘርፎች ተመራማሪ ስሙ የሚጠራው በጆርናል ባሳተመው ሥራ ነው። በማሽን ለርኒንግ ግን ትልቁ ሚዛን ጉባኤ ነው። መስኩ ፈጥኖ ስለሚለዋወጥ የጆርናልን ረጅም ግምገማ መጠበቅ አልሆነለትም። ጉባኤ ቁርጥ ያለ ቀን አለው፤ ውሳኔውም በጥቂት ወራት ውስጥ ይታወቃል።

ሦስት ጉባኤዎች ከሁሉም በላይ ይጠቀሳሉ። አይሲኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1980 በፒትስበርግ በአነስተኛ ዐውደ ጥናት ጀመረ። ኒውሪፕስ በ1987 ዴንቨር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ፤ ለቻትጂፒቲ መሠረት የሆነው ትራንስፎርመር የተባለው የሞዴል ንድፍ በ2017 የቀረበውም በዚሁ ጉባኤ ነው። ታናሹን አይክሊርን ዮሹዋ ቤንጂዮ እና ያን ለኩን በ2013 መሠረቱት፤ የገምጋሚዎችን አስተያየት ለሁሉም ክፍት በማድረግም ይታወቃል።

በእነዚህ ጉባኤዎች አጥኚዎች ስማቸውን ሰውረው ጽሑፋቸውን ያስገባሉ፤ ገምጋሚዎች ነጥብ ይሰጣሉ፤ አጥኚዎቹ መልስ ከሰጡ በኋላ ይወሰናል። ወደ ኒውሪፕስ በ2014 የገቡት ጽሑፎች 1,700 ገደማ ነበሩ፤ በ2024 ከ15,000 በለጡ። ተቀባይነት ያገኙት ሩብ ያህሉ ናቸው። በ2014 አዘጋጆቹ ከጽሑፎቹ አንድ አሥረኛውን ለሁለት የተለያዩ ቡድኖች ሰጥተው ነበር፤ ቡድኖቹ ከአራት ጽሑፎች በአንዱ ገደማ ላይ በውሳኔ ተለያይተዋል። እንግዲህ የጽሑፍን ዕጣ የሥራው ጥራት ብቻ አይወስነውም፤ ገምጋሚው ማን እንደሆነም ይወስናል።

ጉባኤው የሚካሄድበት ቦታም ማን መገኘት እንደሚችል ይወስናል። በ2018 ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ለሞንትሪያሉ ኒውሪፕስ ቪዛ ተከለከሉ። ጉዳዩ እያነጋገረ ሳለ የ2020ው አይክሊር በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወሰነ፤ ሆኖም ኮሮና መጣና ጉባኤው በኢንተርኔት ሆነ። አይክሊር አፍሪካን የረገጠው በ2023 ኪጋሊ ላይ ነው። አፍሪካውያን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። ትምኒት ገብሩ እና ረድኤት አበበ ብላክ ኢን ኤአይ የተባለውን የጥቁር ተመራማሪዎች ስብስብ በ2017 መሠረቱ፤ በዚያው ዓመት ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ የተባለው የአፍሪካውያን የማሽን ለርኒንግ መድረክ በጆሃንስበርግ ተጀመረ። በአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ የሚያተኩረው አፍሪካኤንኤልፒ ዐውደ ጥናትም ከ2020ው አይክሊር ጋር ተወለደ።

አማርኛን፣ ኦሮምኛን ወይም ትግርኛን የሚያጠና ሥራ ቋንቋውን በማያውቅ ሰው ብቻ ሲመዘን ፍርዱ ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለተማሪዎች የጉዞና የምዝገባ በጀት ይመድቡ፤ ልምድ ያላቸው ተመራማሪዎቻችንም ጽሑፍ ማስገባት ብቻ ሳይሆን በገምጋሚዎቹም ወንበር ይቀመጡ።